ከበሩ ሦስተኛዋ

ዘገዬ አናጢው ለሰው ቤት የሠራው ዳንቴል ጫፍ ለጫፍ ቢያያዝ ድሬን አቋርጦ ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ ይደርሳል፤ በራሱ ቤት ላይ ግን አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። ዳንቴል ስል የክሩን ማለቴ አይደለም። በድሮ የባቡር ቤቶች ጣራ ጠርዝ ዙሪያውን የሚንጠለጠለውን፣ ከታች በኩል ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ጨረቃ እየሆነ የተቆረጠውን ጣውላ ማለቴ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ማዘንጊያ ናት። ከዚራ ውስጥ፣ የባቡር ሠራተኛ ቤት ተወልዳ፣ ጠዋት ጠዋት የዚያ ጣውላ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወርድ እያየች ነው ያደገችው። ለሷ ዳንቴል የሌለው ቤት ጠርዙ ያልተሰፋ ቀሚስ ነው።

ሁለቱን ያገናኛቸውም ይኸው ጣውላ ነው። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ዘገዬ ገና ከአሠሪው እጅ ያልወጣ ጎረምሳ ሳለ፣ የአባቷን ቤት የበሰበሰ ዳንቴል እንዲቀይር ተላከ። ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰቀለ። የመጨረሻውን ሚስማር ሲመታ ከታች የሴት ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ከበሩ ሦስተኛዋ ታንሳለች።»

ቁልቁል ሲያይ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ታንጋጥጣለች።

«ሜትር ይዤ ነው የቆረጥኩት እኮ!» አላት።

«እንግዲያው ሜትርህን ጠይቀው» ብላው ገባች።

እየተናደደ ለካት። እውነትም ሦስተኛዋ ከእህቶቿ በግማሽ ጣት ታንስ ነበር። ክው አለ። ጣውላውን አውርዶ እንደገና ቆረጠ፣ በዓመቱም ሽማግሌ ላከ። ከዚያን ቀን ወዲህ የማዘንጊያ ዓይን ሳያየው ከዘገዬ እጅ የወጣ ሥራ የለም። አልጋ በለው፣ በር በለው፣ የሆቴል ባንኮኒ በለው፣ ግቢው መሃል ቆማ አንዴ ገርመም ታደርገዋለች። «ይሂድ» ካለች ይሄዳል፤ ከንፈሯን ከነከሰች ይፈታል። ሜትሩ ሊሳሳት ይችላል፣ እሷ አትሳሳትም።

ሲጋቡ ቃል ገብቶላት ነበር። «የራሳችንን ቤት ስንሠራ የአባትሽን ቤት ዳንቴል ዙሪያውን እሰቅልልሻለሁ» ብሎ፣ አፉን ሞልቶ፣ በሚዜዎቹ ፊት። ሳቢያን ላይ ቤቱን ሠሩ። ዳንቴሉ ግን ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ የልጃቸው የዮርዲ ትምህርት መጣ፣ ቀጥሎ የሆቴሎቹ ሥራ ተደራረበ፣ ከዚያ ዮርዲ ተዳረች። ለሰው ሲሰቅል ለራሱ የሚሰቅልበት ቀን ጠፋ። ማዘንጊያ አንዳንዴ በእንግዳ ፊት «ስምህን ያወጡልህ ሰዎች አይተውህ ነው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሮ ይስቃል። አይ ዘገዬ! እውነት የሚያስቅ ነገር መስሎት ነበር።

ባለፈው ሰኔ ማዘንጊያ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ ብላ አየር ላይ ለቀቀችው። የመጀመሪያው ሲሰበር ሳቀች፤ በሳምንቱ ሁለተኛው ሲሰበር አልሳቀችም። ስኳር ካለባት ቆይቷል። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ወጣቷ ሐኪም በመብራት አየቻት፣ ደግማ አየቻት፣ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻቸው።

«እትዬ ማዘንጊያ፣ ቀኝ ዓይንዎ አልቋል» አለች። «ግራውን በጠብታ እናቆየዋለን፤ ስንት ወር እንደሚቆይ ግን አላውቅም። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ባያቆዩት ጥሩ ነው።»

 ማዘንጊያ በአገጯ ወደ ባሏ አመለከተች።

«ማየት የምፈልገውን እሱ ያውቀዋል» አለች። «የቤቴን ዳንቴል።»

ባጃጅ ውስጥ እጇን ይዞ ማለላት። «በእመብርሃን፣ በዚህ ክረምት እሠራልሻለሁ» አላት። ከልቡ ነበር። በማግስቱ ሄዶ ከደጋ የመጣ ዋንዛ ገዛ። ምርጥ ጣውላ፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ እርጥብ ነው።

እርጥብ ጣውላ በድሬ ፀሐይ ላይ ቢሰቀል ሳምንት ሳይሞላው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ይኼን አናጢ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዘገዬ ጣውላዎቹን ሥራ ቤቱ ጥላ ውስጥ ደረደራቸው፣ በመሃላቸው አየር እንዲገባ ቀጫጭን እንጨት አስገባባቸው፣ ከዚያም መጠበቅ ጀመረ። በየጠዋቱ በጣቱ ያንኳኳቸዋል፣ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፣ «ገና ነው» ብሎ ይወጣል። እሷም በየጠዋቱ ከበሩ ላይ ሆና «ደረቀ?» ትለዋለች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። ከጎረቤቷ ከሃሊሞ አንድ የመጋረጃ ካርቶን ተቀበለች፣ የሻይ ሰሃን ደፍታ በእርሳስ ዙሪያውን እያዞረች ግማሽ ጨረቃ ሳለችበት፣ በመቀስ ቆረጠችው። አፍንጫዋ ካርቶኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ በዚያች በግራ ዓይኗ ብቻ ነው የምትሠራው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ዘጠኝ ግማሽ ጨረቃ፣ አንዷ ከሌላዋ አትበልጥም፣ አታንስም።

ሥራ ቤቱ ድረስ መጥታ «እንካ» አለችው። «ዋንዛህ እስኪደርቅ ይቺን ከበሩ በላይ ምታልኝ። ከታች ሆኜ ልያት።»

«ካርቶን?»

«አዎ፣ ካርቶን።»

«ማዜ፣ ይኼ እኮ የአናጢ ቤት ነው። መንገደኛው ምን ይለኛል? ዘገዬ ጃጀና ካርቶን መስቀል ጀመረ ይበለኝ?»

«መንገደኛው የራሱን ቤት ይይ። የማየው እኔ ነኝ።»

«ሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ። ልክ እንደ አባትሽ ቤት አድርጌ ነው የምሠራልሽ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ካርቶን አላሳይሽም።»

ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ካርቶኗን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አንተ ታውቃለህ» ብላ ሄደች።

ሃሊሞ በአጥሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ሃሊሞ ሶማሌ ናት፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ከማዘንጊያ ጋር አንድ አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው፣ እሱንም ቢሆን ሲያወሩ የሚያስታውሰው የለም። ምላሷ ደግሞ ማንንም አይምርም።

«አቦ ዘገዬ፣ ወላሂ አንተ ደረቅ ነህ!» አለችው። «ሴትዮዋ ካርቶን አለችህ፣ ካርቶን ስቀልላታ! ካርቶን ካሳፈረህ ኮምፔንሳቶ ቁረጥላት። የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

«ያ ተለጣፊ ስስ እንጨት ለቁም ሣጥን ጀርባ ነው፣ ሃሊሞ። አንድ ዝናብ ቢመታው ያብጣል።»

«ይበጣ! እስኪያብጥ ታየዋለች።»

«ሥራዬን ለኔ ተይልኝ።»

«ሀዬ፣ ጠብቅ እንግዲህ» አለችና ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ገባች።

እኔ ዘገዬን የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ክፉ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ክፉ አይደለም። ሚስቱን ይወዳል፣ ሥራውንም ይወዳል፤ ሥራውን ባሳመረ ቁጥር እሷን የወደደ ይመስለዋል። እሷ የጠየቀችው ያማረ ነገር አልነበረም። ቶሎ የሆነ ነገር ነበር የጠየቀችው። ይኼን ለመስማት አናጢ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ እሱ ግን አናጢ ሆኖ ነው የሰማት።

ካርቶኗን ነሐሴ ላይ ኮላ የሚበጠብጥበት ጣሳ ጠረጴዛውን እንዳያቆሽሽበት ከሥሩ አነጠፋት። ክፋት አላሰበም። እጁ ያገኘው እሷን ነበር።

መስቀል መጣ፣ አለፈ። ከመስቀል በኋላ ማዘንጊያ «ደረቀ?» ማለቷን ተወች። ሥራ ቤቱም ብቅ አትልም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ሲያልቅ አየዋለሁ። በየቀኑ ካየሁት ምን ደስታ አለው?» አለችው። ይቺ ነገር ደስ አለችው። ሙሽሪት ቀሚሷ እስኪያልቅ እንደምትጠብቀው መሰለው።

ሃሊሞ ደግሞ ሱቋን ቀድማ እየዘጋች ቀን በቀን መምጣት አበዛች። ሻይ ታፈላለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ የማዘንጊያን ፀጉር ትሠራለች። ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ከቦታው መነቅነቅ ቀረ። ዘገዬ ወንበር ፈቀቅ ካደረገ «የነበረበት መልሰው» ትለዋለች ማዘንጊያ፤ ይመልሳል። «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ሲላት «እንደዚያው ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። ጠብታዋን በሰዓቷ ታደርጋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኼን ሁሉ ያስተውል ነበር። አሁን ግን ልቡ ዋንዛው ጋ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዋንዛው ደረቀ። ሲያንኳኳው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። በዚያው ቀን ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረገና መጋዙን አነሳ። ከዓመታት በኋላ ማፏጨት ጀመረ። በወጣትነቱ መሰላል ላይ ሆኖ ሲያፏጭ የሰማው ሰው አሁንም ቢሰማው ያውቀዋል፤ ያው ዜማ፣ ያው ቦታ ላይ የሚሰበር። እየቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ፣ ነጭ ቀለም እየቀባ ሦስት ሳምንት ሠራ።

ለቤቱ ፊት ለፊት ብቻ ሃያ አራት ግማሽ ጨረቃ ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ልክ ቆረጣቸው። ከበሩ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን እጁን አቆመ። ፈገግ አለ። እርሳሱን ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋና በዚያው ልክ ቆረጣት። ሆን ብሎ። ማዘንጊያ ግቢው መሃል ቆማ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ «ከበሩ ሦስተኛዋ ታንሳለች» ስትለው ታየው። እሱ «ሜትር ይዤ ነው የቆረጥኩት» ሊላት ነው። ከዚያ ሁለቱም ሊስቁ ነው። ይኼን እያሰበ መሰላሉ ላይ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጨረሻውን ሚስማር መታ። ከመሰላሉ ሳይወርድ ተጣራ።

«ማዜ! ነይ ውጪ! ነይ እዪልኝ!»

ማዘንጊያ ሃሊሞን ክንዷን ይዛ ወጣች። ደህናውን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ማታ ጀምራ አስባበት ኖሯል። ሃሊሞ ግቢው መሃል አቆመቻት፣ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ ወደ ቤቱ መለሰቻት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ማዘንጊያ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች። ቀና አለች። ረጅም ጊዜ አየች። ነጩ ዳንቴል በጠዋት ፀሐይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበራል፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ወርዷል፣ ልክ እንደ ከዚራው ቤት።

«ተባረክ» አለች። «እጅህ ይባረክ ዘገዬ። አምሯል።»

ዘገዬ መሰላሉ ላይ ሆኖ ጠበቃት። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ቆሟል።

«ሌላስ?» አላት።

«ሌላ ምን?»

«የምትነቅፊው የለም? ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ። ከዚህ ከበሩ ጀምሪ።»

አንገቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ቀስ ብላ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየች።

«ምንም አይወጣለትም» አለችው። «ሁሉም እኩል ነው። አንዷም አታንስም።»

ሳቁ እዚያው ጉሮሮው ላይ ቀረ። መዶሻው ከእጁ ሊያመልጥ ሲል ያዘው። ሃሊሞን አያት፤ ሃሊሞ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ቀድሞ የሚዘጋው የሃሊሞ ሱቅ፣ ወንበሩ፣ ምስሩ፣ «ሲያልቅ አየዋለሁ» ያለችው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። በመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያውቅም፣ ብቻ ፊቷ ቆሞ ራሱን አገኘው። እጁን ፊቷ ላይ ወዲያና ወዲህ ሊያወዛውዝ አነሳና አፍሮ መለሰው።

«እኔ ሱቁን ሳልቆልፍ ነው የመጣሁት» አለች ሃሊሞ፤ ውሸቷን ነው። ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት ዘገዬ።

«ምኑ?»

«ማዜ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማዘንጊያ እጇን ከግንባሯ አወረደች።

«ከመስቀል» አለችው። «ደመራው ሲለኮስ ሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ፣ ብርሃኑ ግን አልመጣም። ከዚያ በፊትም ጭጋግ ጭጋግ ይለኝ ነበር።»

«እንዴት አትነግሪኝም? እንዴት አድርገሽ ትደብቂኛለሽ?»

«ብነግርህ ትተወዋለህ ብዬ ነዋ። ደግሞ ቆይቶ ማፏጨት ጀመርክ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ስታፏጭ ከሰማሁህ ስንት ዘመኔ ነው? እንዴት ላስቁምህ?»

ዘገዬ ትከሻዋን ይዞ አንገቱን ደፋ፤ ሽማግሌ ሰውዬ፣ ግቢው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ማዘንጊያ ፊቱን በመዳፏ ፈልጋ አገኘችውና ጠረገችለት።

«ቆይ ቆይ» አለችው ድንገት። «ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅከኝ። የቷን ነው ያሳነስካት?»

ዘገዬ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

«ከበሩ ሦስተኛዋን፣ አይደል?»

«አዎ።»

ሳቀች። ያ የድሮ ሳቋ ነበር፣ ከደረቷ የሚመጣው። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም፤ መሃል መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኖቿን ተጫነች፣ አሁንም የሚያዩ ይመስል። እሱም እንደ ሕፃን የሚያጽናና ቃል ከአፏ ፈለገ።

«ዋናው ነገር መሠራቱ ነው፣ አይደል?» አላት። «ዘግይቼም ቢሆን ቃሌን ፈጸምኩ፣ አይደል ማዜ?»

ማዘንጊያ በሕይወቷ ሙሉ ሥራውን ስትመረምር እንደምታደርገው ከንፈሯን ነከሰች።

«ካርቶኗን ሰቅለሃት ቢሆን ኖሮ አይቻት ነበር» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም። ስኳር አለቀ እንደምትል አድርጋ ነው ያለችው። «ሐምሌ ላይ አያት ነበር፣ ዘገዬ። ነሐሴ ላይም አያት ነበር።»

ነፋስ መጣ፤ አዲሱ ዳንቴል ግን በጥሩ ስለተመታ አልተነቃነቀም። ለሃምሳ ዓመት እዚያው ይኖራል። አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም።

«የት አደረግካት?» አለችው።

«ማንን?»

«ካርቶኗን። አምጣልኝ እስቲ፣ በእጄ ልያት። ይኼኛው ከፍ ብሏል፣ አልደርስበትም። እሷን በጣቴ ባገኛት ይበቃኛል።»

ዘገዬ «አለች፣ አመጣታለሁ» አለና ወደ ሥራ ቤቱ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የኮላው ጣሳ እንደተቀመጠ ነው። ሊያነሳው ሞከረ፣ እምቢ አለው። ሦስት ወር ሙሉ የተንጠባጠበው ኮላ ጣሳውንም፣ ካርቶኗንም፣ ጠረጴዛውንም አንድ አድርጓቸዋል። በጥፍሩ ሞከረ፣ በመሮ ጫፍ ሞከረ። ጣሳው ሲነሳ የካርቶኗን ግማሽ ይዞ ተነሳ። የቀሩት ግማሽ ጨረቃዎች ኮላ ሞልቷቸው፣ ጠርዛቸው የት እንደጀመረ የት እንዳበቃ በጣት ቢዳስሷቸው አይታወቅም።

እርጥቡን ጣውላ ደርድሮበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠ። የተቀደደችውን ቁራጭ በሁለት እጁ ይዟታል።

«ዘገዬ!» አለች ማዘንጊያ ከግቢው። «አገኘሃት?»

በአውራ ጣቱ የአንዷን ጨረቃ ጠርዝ ይፈልጋል።

«አትቸኩል ግድ የለም» አለችው። «እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»